ድቡልቡሉና ከሲታው

እናቴን «ወላዋይ» የሚሏት ዘመዶች ዛሬም አሉኝ። ሁለት ካሜራ ለማማረጥ ስንት ቅዳሜ እንደፈጀች እያነሱ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ይስቁባታል። ይሳቁ፤ ጥርሱ የራሳቸው ነው። እኔ ግን እነዚያን ቅዳሜዎች እጇን ይዤ አብሬያት ስለዋልኩ ነገሩን ከእነሱ የተሻለ አውቀዋለሁ። ያን ጊዜ ግን አላውቀውም ነበር። የስምንት ዓመት ልጅ የሚያየው ሌላ፣ የሚገባው ሌላ ነው።

ፎቶ ቤቱን የከፈቱት አባቴና ታላቅ ወንድሙ በጋራ ነበር። አባቴ ሲሞት ፎቶ ቤቱ ለወንድሙ ቀረ፤ እናቴም ከነሙያዋ ለፎቶ ቤቱ ቀረች። የአባቴን ወንድም ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንለው። ደንበኛ ሲመጣ እናቴ ኮሌታ ታስተካክላለች፣ ጸጉር ታበጥራለች፣ የሚያብለጨልጭ ግንባር በመሐረብ ትጠርጋለች፣ አገጩን በሁለት ጣቷ ይዛ ወደ መብራቱ ታዞራለች። ሁሉም ነገር ሲሰናዳ ጋሼ ከጓዳ ብቅ ይላል፣ ቀጭ ያደርጋል፣ ተመልሶ ይገባል። ከዚያ ወዲያ ያለው ደግሞ የእናቴ ሥራ ነው። አትማ፣ ጉርድ ጉርዱን ቆርጣ፣ ፖስታ ውስጥ ከታ ታስረክባለች። ደንበኛው ፎቶውን አይቶ «የጋሼ እጅ እኮ ወርቅ ነው» ይላል፣ እሷም «እውነት ነው» ብላ በሩን ትከፍትለታለች።

ካሜራው ከቁምሳጥን ወጥቶ ወደ ቁምሳጥን ነበር የሚመለሰው። ቁልፉ የጋሼ ኪስ ውስጥ ነው። አንድ ቀን እንዲያስተምራት ጠይቃው፣ ካሜራውን ለትንሽ ጊዜ ሰጣት። አንስታ በግራ ዓይኗ ስታይበት ሳቀና መልሶ ተቀበላት። በግራ ዓይን የሚያነሳ ፎቶ አንሺ በየትኛውም አገር እንደሌለ፣ የኮሌታ እጅም የካሜራ እጅ እንደማይሆን ነገራት። እናቴ መቀሷን አንስታ ጉርድ ፎቶ መቁረጥ ቀጠለች፤ እኔም ነገሩ እዚያው ያለቀ መሰለኝ።

ብዙም ሳይቆይ ቅዳሜዎቹ ጀመሩ። ቅዳሜ ከሰዓት ፎቶ ቤቱ ሲዘጋ እናቴ ፊቷን ታጥባ፣ ደህናውን ቀሚሷን ለብሳ፣ እኔንም ጸጉሬን አስራ፣ ዋናው መንገድ ጥግ ወዳለው የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ይዛኝ ትሄዳለች። ሱቁ አዲስ ካርቶን አዲስ ካርቶን ይሸታል። ግድግዳው ላይ ያሉት ቴሌቪዥኖች ሁሉ አንድ ዓይነት ዓሣ ያሳያሉ። ባለ ሱቁ ረጅም ሰው ነው፣ እስክሪብቶ ጆሮው ላይ ሰክቶ ይረሳና ቀኑን ሙሉ ሲፈልግ ይውላል። እናቴ ገና በር ላይ ሆና «እስቲ ሁለቱን ያውጡልኝ» ትለዋለች። እሱም የትኞቹን ብሎ አይጠይቃትም።

ሁለቱም ለጀማሪ የሚሆኑ፣ ሌንሳቸው የሚፈታ ካሜራዎች ነበሩ። ስም ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ። ድቡልቡሉ ወፈር ያለ፣ እጅ የሚሞላ፣ መያዣው ሻካራ ጎማ የለበሰ ነው። የጀርባው ስክሪን እንደ መስኮት ይከፈታል፤ ሲፈልጉም ፊቱን ወደ ውስጥ አድርጎ ይታጠፋል። ሲያነሳ «ቿ» ብሎ ይጮኻል። ከሲታው ቀለል ያለ ነው፤ ስክሪኑ ከቦታው አይነቃነቅም፣ ድምፁም ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሰው ዝቅ ያለ ነው። እናቴ በግራ ዓይኗ ስለምታይ አፍንጫዋ የከሲታው ስክሪን ላይ ይለጠፍና ወዙን ይተዋል። እሱን በሻርፔ ጫፍ መጥረግ የእኔ ሥራ ነበር።

ከቦርሳዋ የራሷን ሚሞሪ ካርድ ታወጣለች። ያንኑ ነገር፣ እዚያው ቦታ ቆማ፣ በዚያው ብርሃን፣ መጀመሪያ በአንዱ ቀጥሎ በሌላው ታነሳለች። የበሩን ብርሃን፣ መደርደሪያው ሥር ያለውን ጨለማ፣ በመንገዱ የሚያልፍ ብስክሌት፣ እኔን። በተለይ እኔን። አንዱ ቅዳሜ እንዳለ በመስኮት ብርሃን ያልቃል። ሌላው ቅዳሜ ከበሩ እስከ ባንኮኒው ስሮጥ ብቻ ያልቃል። ደግሞ ዓይኗን ጨፍና ሌባ ጣቷ ማንሻው ላይ፣ አውራ ጣቷ ማዞሪያው ላይ በዳበሳ ይደርሱ እንደሆነ ትሞክራለች። ድቡልቡሉ ፎከስ ቶሎ ይይዛል፣ ባትሪውም ይቆያል። ከሲታው ጨለማ ላይ ይደናበራል፣ የሰው ፊት ቀለም ግን ያምርበታል። ይህን ሁሉ ለባለ ሱቁ ስትነግረው እሱ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ያዳምጣል። መሸትሸት ሲል «ለዛሬ ይበቃናል፣ ገና አልወሰንኩም» ትልና እንወጣለን።

እኔ አፍር ነበር። ሌላ ሰው ይገባል፣ ይመርጣል፣ ይገዛል፣ ይወጣል። የኔ እናት ብቻ ቅዳሜ ቅዳሜ መጥታ የሰው ዕቃ አገላብጣ ትሄዳለች። ገንዘብ የላት ይሆናል ብዬ አዝንላትም ነበር። ገንዘቡ ከመጀመሪያው ቅዳሜ ጀምሮ ቦርሳዋ ውስጥ እንደነበር የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

ቤት ውስጥ ወሬው ከተነሳ ቆይቶ ነበር። የጋሼ ሚስት፣ እትዬ የምንላት፣ ልብስ እያጣጠፈች ለእህቷ ስታወራ በሩ ኋላ ሆኜ ሰማሁ። ሴትዮዋ የምትመላለሰው ለካሜራ እንዳልሆነ፣ ለካሜራ ቢሆን ኖሮ አንድ ቀን እንደሚበቃት፣ ባለ ሱቁም ሚስት እንደሌለው ተናገረች። እህትየዋ «እህ?» አለች። እትዬም «እህ ነው እንጂ» አለችና ድምጿን ዝቅ አደረገችብኝ። የቀረውን እኔው ራሴ ሞላሁት።

ከዚያ ቀን ወዲያ የማየው ሁሉ ማስረጃ ሆነ። ደህናው ቀሚስ ማስረጃ ነው። ሳቋ ማስረጃ ነው። ደንበኛ ሲበዛ ባንኮኒውን ዞራ ገብታ የሁለቱን ካሜራዎች ልዩነት ለመጣው ሰው ስታስረዳ ሳይማ፣ በቃ፣ የሱቁ እመቤት ሆናለች አልኩ። ከሁሉ የባሰው ግን ዓይኗ ነበር። ባለ ሱቁ በሩ ላይ ይቆማል፤ እናቴ ካሜራውን ገና ደረቷ ላይ እንደያዘች፣ ቀኝ ዓይኗን ጨፍና በግራው ብቻ ትኩር ብላ ታየዋለች። እሱም ይስቃል። እናቴ ጠቀሰችው። በእኔ ፊት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ጠቀሰች።

ዛሬ እኔም እንደዚያው አደርጋለሁ። ሌንስ አንድ ዓይን ብቻ ነው ያለው፤ ፎቶው ምን እንደሚመስል አስቀድሞ ማየት የፈለገ ሰው አንዱን ዓይኑን ይጨፍናል። ይህን ግን ያን ጊዜ ማን ይንገረኝ። ለእኔ ያ ረጅም ሰው በአባቴ ወንበር ላይ ሊቀመጥ እየመጣ ነበር፣ አባቴ ደግሞ ሌላ ወንበር የለውም። ስለዚህ ጦርነት አወጅኩ።

መሣሪያዬ ፊቴ ነበር። እናቴ ካሜራውን ስታነሳ ቅንድቤን እሰበስባለሁ፣ የታች ከንፈሬን እጥላለሁ፣ አፍንጫዬን እነፋለሁ። «ኩርፊያሽን ትንሽ ወደ መስኮቱ አዙሪልኝ» ትለኛለች፤ አልቆጣም አለች ማለት ነው፣ እኔም ይብስብኛል። ባለ ሱቁ ሊያሳያት ብሎ ካሜራውን ሲቀበላት ግን ኩርፊያም አይገባውም ብዬ ጀርባዬን እሰጠዋለሁ። ቢለምነኝ፣ ከረሜላ ቢያሳየኝ፣ አልዞርም። ከረሜላውን ግን ወደ ኋላ እጄን ዘርግቼ እቀበለው ነበር፤ ጦርነት ነው ብሎ ከረሜላ የሚመልስ የለም።

ሰኞ ሰኞ እናቴ የፎቶ ቤቱን ማተሚያ ስታሠራ፣ የደንበኛ ጉርድ ፎቶ ታትሞበት ከወረቀቱ ጥግ የሚተርፈው ነጭ ቦታ ላይ የቅዳሜዎቹን ፎቶዎች ጣል ጣል ታደርጋቸዋለች። ያ ትርፍ እንደሆነ ወደ ቅርጫት የሚሄድ ነው። ትቆርጣቸውና ሁለት ሁለቱን ታጣምራቸዋለች፤ የትኛው በየትኛው እንደተነሳ እንዳይጠፋባት የድቡልቡሉን ፎቶ ጥግ በመቀስ ነካ ታደርገዋለች። እኔ ኩርፊያዬ ሁለት ሁለት ሆኖ ብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ሲጠራቀም እያየሁ፣ ለባለ ሱቁ ልትሰጠው ነው ብዬ አስብ ነበር።

አንድ እሁድ ከሰዓት ጋሼ ሰዎች ጠራ። ትልቋ እማማ መጣች፤ የአባቴና የጋሼ አክስት ናት፣ ቤተሰቡ ውስጥ ከእሷ ቃል በላይ ቃል የለም። እትዬም አለች። ፎቶ ቤቱ ተዘግቶ ነበር። ትልቋ እማማን የደንበኞቹ በርጩማ ላይ አስቀመጧት፤ ከኋላዋ የአበባ ማሰሮ የተደረደረበት ደረጃ የተሳለበት መጋረጃ ስላለ ጉርድ ፎቶ ልትነሳ የመጣች ትመስል ነበር። እኔን ውጪ ተጫወቺ አሉኝ። ወጣሁና በጓዳው በር ዞሬ ከመጋረጃው ኋላ ቁጭ አልኩ።

ጋሼ ዙሪያ ጥምጥም ሄደ። የወንድሙን ስም አነሳ፣ የሰው አፍ አነሳ፣ የሱቁን ደጃፍ አነሳ። ከዛሬ ጀምሮ ወደዚያ ሱቅ መሄድ እንደሌለባት፣ ፎቶ ቤቱ ሁለተኛ ካሜራ ያስፈልገው እንደሆነ ግን እሱ ራሱ ሜጋፒክስሉ የበለጠውን መርጦ እንደሚገዛላት፣ ቁምሳጥኑ ውስጥም እንደሚቀመጥላት ተናገረ። እትዬም ለሁለት ካሜራ ይህን ያህል ቅዳሜ ተሰምቶ እንደማያውቅ ጨመረች። አፍንጫ ሲመቱት ዓይን ያለቅሳል፤ የተሰደበችው እናቴ ነበረች፣ ዕንባው ግን መጋረጃው ኋላ ከእኔ ወረደ። አይገርምም? እኔም እኮ እንደነሱ ነበር የማስበው። እኔ ሳስበውና እነሱ ሲሉት ግን አንድ አልሆነልኝም።

እናቴ «መፍረዱን ትፈርዳላችሁ፣ መጀመሪያ እዩልኝ» ብላ የብስኩቱን ቆርቆሮ ከፈተችና ፎቶዎቹን ሁለት ሁለቱን ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው።

ትልቋ እማማ የጉርድ ፎቶ ማጉያውን መስታወት አንስታ አጎነበሰች። ይህችኛዋ ላይ የልጅቷ ግንባር ሽብሽብ እንደሚቆጠር፣ ያችኛዋ ላይ ግን ጉንጯ ሊነኩት እንደሚያምር ተናገረች። እትዬ አይደለም፣ ግንባሩ የሚበልጠው የታችኛው ላይ ነው አለች። ተከራከሩ። ጋሼ መጀመሪያ ፊቱን አዙሮ ቆሞ ነበር፤ ግን ሙያተኛ ነው፣ ሁለት ፎቶ አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጦ አላይም ማለት አይችልም። «እስቲ አምጡት» አለ። ወደ መብራቱ ያዘው። አገላበጠው። ከዚያ ድምፁ ተለወጠ፤ ሲያስተምር እንዲያ ነበር የሚናገረው።

«እዩ» አላቸው። «ብርሃኑን ከጎን አስገብቶታል። ልጅቷ እስክትዞርለት ጠብቋል። እዚህ ላይ ደግሞ እየሮጠች ነው፣ ግን ዓይኗ አልደበዘዘም። ይሄ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው። የየትኛው ፎቶ ቤት ነው?»

«የእኔ ነው» አለች እናቴ። «እኔ ነኝ ያነሳሁት።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ጋሼ ፎቶውን ቀስ ብሎ አስቀመጠው። ከዚያ ሳቀ፣ ደረቅ ሳቅ። ያነሳው ባለ ሱቁ እንደሆነ፣ እሷ ካሜራ ይዛ እንደማታውቅ፣ በግራ ዓይን ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር እንደማይወጣ ተናገረ። ትልቋ እማማም ማጉያውን ይዛ እናቴን ቀና ብላ አየቻት። እሷ አነሳሁ ትላለች፣ እሱ አላነሳሽም ይላል፤ ፎቶ ደግሞ ያነሳውን ሰው ፊት አያሳይም። ነገሩ ሊጠፋ ሲል በዓይኔ አየሁት።

በመጋረጃው ሥር በሆዴ ሾልኬ ወጣሁ። አፍንጫዬም አልተጠረገም ነበር።

«እማዬ ናት ያነሳችኝ» አልኩ። «ይሄን ፊት ለእሷ ብቻ ነው የማሳየው። ለሰውዬው ጀርባዬን ነው የምሰጠው።»

ጋሼ ልጅ ያቦካው ለራት እንደማይበቃ ነግሮ ወደ ውጪ ላከኝ። እኔ ግን አልወጣሁም። ቆርቆሮውን ሳብኩና እስከ ታች በረበርኩት። ሁለት ጠባብ ትከሻ፣ አንድ የተፈታ የጸጉር ማሰሪያ፣ ወደ ኋላ ለከረሜላ የተዘረጋ እጅ፤ ባለ ሱቁ ያነሳቸው ፎቶዎች እነሱ ነበሩ። በአንዱም ፊት የለኝም። ትልቋ እማማ ፊት ደረደርኳቸውና አጠገባቸው ሄጄ ያንን ፊቴን፣ ለእናቴ የማሳየውን፣ አወጣሁት።

ትልቋ እማማ ፎቶውን አየች፣ እኔን አየች፣ እንደገና ፎቶውን አየች። ሆዷ መንቀጥቀጥ ጀመረ። «ስለ ወንድ ልሰማ ነበር ከቤቴ የወጣሁት» አለች ሳቋን ስትጨርስ፣ «የልጅ ኩርፊያ አሳያችሁኝ። ያነሳችው እናቷ ናት። ለባዕድ እንዲህ አይኮረፍም።» ከእሷ ቃል በላይ ቃል ስለሌለ ነገሩ በዚያው ተቆረጠ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ጋሼ ግን በቀላሉ የሚለቅ ሰው አይደለም። እንግዲያው ጥሩ ነው አለ፤ ካሜራውን ትግዛ፣ ሴቶችንና ሕፃናትን እዚሁ ታንሳ፣ ማታ ማታ ግን ቁምሳጥኑ ውስጥ ይግባ፣ ለዕቃው ደህንነት ሲባል። እትዬ ራሷን ነቀነቀች። ትልቋ እማማም ይህ ደህና ሐሳብ መስሏት ነበር። እናቴ ፎቶዎቿን ሁለት ሁለቱን እያጣመረች ወደ ቆርቆሮው መለሰች፣ ክዳኑን ገጠመች።

«ቁልፉም የእርስዎ፣ ቁምሳጥኑም የእርስዎ ነው፣ ጋሼ» አለችው። «የእኔ ካሜራ ግን አንገቴ ላይ ነው የሚያድረው።»

ለምን እነዚያን ሁሉ ቅዳሜዎች እንደፈጀች ያኔ የገባው ጋሼ ይመስለኛል፤ እኔ ገና ነበርኩ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ብትገዛው ኖሮ አንስታ ወደ ቤት ታመጣዋለች፣ አትችልበትም፣ እሱ «እስቲ ላሳይሽ» ብሎ ይቀበላታል፣ በዚያው ቁምሳጥን ይገባል። የማያውቁበትን ዕቃ የገዛ ለሚያውቅበት ነው የሚያስረክበው። ስለዚህ ሳትገዛ ተማረች። ትምህርት ቤቷ ባንኮኒው ነበር፣ የመስኮት ብርሃን ቅዳሜ አንድ ትምህርት፣ የሩጫው ቅዳሜ ሌላ ትምህርት። ባለ ሱቁ ያውቅ ነበር፤ እሷ ለደንበኞቹ እያስረዳች ስታሸጥለት፣ እሱም ሁለቱን ካሜራዎች ሳይሰስት ሲያወጣላት ኖሩ። «ገና አልወሰንኩም» ስትል «ገና አልቻልኩም» ማለቷ ነበር። ወላዋይ ያሏት ሰዎች እንዲህ ያለ ውሳኔ በዕድሜያቸው ወስነው አያውቁም።

በማግስቱ ሄደን ገዛችው። ባለ ሱቁ ካርቶኑን ጠቅልሎ በሁለት እጁ ሰጣት፣ እስክሪብቶውን ፈለገ፣ ጆሮው ላይ አገኘው። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ሱቁን እስኪዘጋ ጠበቅሁት። እናቴ ምን እንደምጠብቅ ጠየቀችኝ።

«እሱ አብሮን አይመጣም?»

«ማን?»

«አባት የሚሆነኝ።»

እናቴ መንገድ ላይ የመብራት ምሰሶ ተደግፋ ሳቀች። እየሳቀች ዓይኗን ጠረገች፣ ጠርጋም እንደገና ሳቀች። ካደግሁ በኋላ አንድ ቀን በደህና ጠየቅኋት፤ ደግ ሰው እንደነበር፣ እሷ ግን ልትመርጥ የሄደችው ባንኮኒው ላይ ያለውን እንጂ ከባንኮኒው ኋላ ያለውን እንዳልነበር ነገረችኝ። ያን ቀን ግን እዚያው ምሰሶው ሥር ካርቶኑን ከፍታ ካሜራውን አወጣችና ቀኝ ዓይኗን ጨፈነችብኝ። ለመጀመሪያው ፎቶ ኩርፊያሽን ስጪኝ አለች። አልሰጠሁም። ሳቄ መጣ። ጠበቀች፣ ሳቅሁ፤ ጠበቀች፣ ባሰብኝ። ያን ሁሉ ቅዳሜ በትዕግሥት ያሳለፈች ሴት በእኔ ተሸነፈችና ማንሻውን ተጫነችው። ድብዝዝ ያለ ፎቶ ነው፣ ጥርሴም አፌም አይለይም።

ፎቶው ዛሬ የእናቴ ፎቶ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። አንድ ክፍል ናት፣ ትልቅ መስኮት ያላት፤ አሁን ሁለታችን እንሠራባታለን። ወላዋይ የሚሏት ዘመዶች ጉርድ ፎቶ ሲያስፈልጋቸው የሚመጡት ወደዚያው ነው፣ ከፎቶው ሥርም ይቀመጣሉ።

ባለፈው ጋሼ መጣ። የእሱ ፎቶ ቤት ከተዘጋ ቆይቷል፣ መታወቂያ ሊያድስ ነው። እናቴ ኮሌታውን አስተካከለችለት፣ ግንባሩን በመሐረብ ጠረገችለት፣ አገጩን በሁለት ጣቷ ይዛ ወደ መስኮቱ አዞረችው። ቀለሙ የተላጠውን አሮጌ ካሜራ ከአንገቷ ላይ ስታነሳ ትክ ብሎ አየው። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ጠይቋት አያውቅም ነበር።

«ለመሆኑ የትኛውን ነበር የመረጥሽው?»

«ሁለቱንም ስችልበት ጊዜ ቀላሉን ገዛሁት» አለችው፣ የከሲታውን ስክሪን በቀሚሷ እጀታ እየጠረገች። «ቀኑን ሙሉ አንገት ላይ የሚውለው እሱ ነዋ። አሁን ቀና ይበሉና አይንቀሳቀሱብኝ።»

ግራ ዓይኗን ካሜራው ላይ አደረገች። ጋሼ አልተንቀሳቀሰም።